አናሲሞስና የቦስተኑ ፈንጣጣ፦ ከጄነር በፊት የነበረው የክትባት ታሪክ

ከ16ኛው እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት ያለው ዘመን በዓለም ታሪክ የታላላቅ ለውጦች ዘመን ነው። መርከቦች ውቅያኖስ ተሻግረው አህጉራትን ያገናኙበት፣ ነባር መንግሥታት ወድቀው አዳዲስ ግዛቶች የተመሠረቱበት፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አፍሪካውያንም በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙበት ዘመን ነበር። የዚህ ዘመን ታሪክ ሲነሣ በአብዛኛው የሚጠቀሱት ነገሥታት፣ የጦር አዝማቾችና መርከበኞች ናቸው። ሆኖም ከእነርሱ ባላነሰ የዘመኑን መልክ የቀየረ፣ ሰይፍ ያልታጠቀ ኃይል ነበር፤ እርሱም ፈንጣጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉት ዓ.ም. የሚል ምልክት አላቸው።)

በ1520 በሽታው ከስፔን ወታደሮች ጋር ሜክሲኮ ገባ። ሕዝቡ ከዚያ በፊት ፈንጣጣን አያውቅም ነበርና እንደ ቅጠል ረገፈ። የአዝቴኮች ንጉሥ ኩይትላዋክ በነገሡ በጥቂት ወራት ውስጥ በበሽታው ሞቱ፤ መናገሻ ከተማቸው ቴኖችቲትላንም በዓመቱ ወደቀች። በአውሮፓም ቢሆን ፈንጣጣ ባለዘውድና ድሃ አይለይም ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ሜሪ በ1694፣ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ዮሴፍ በ1711፣ የሩሲያው ዳግማዊ ጴጥሮስ በ1730፣ የፈረንሳዩ ሉዊ 15ኛ በ1774 የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው።

በዘመኑ የነበሩት ሐኪሞች ይህን መቅሠፍት የሚመክቱበት መሣሪያ እጅግ ደካማ ነበር። ከጥንት ግሪክ በተወረሰው የአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ትምህርት ላይ ተመሥርተው ሕመምተኛውን ደም ያስፈስሱት፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጡት፣ ወይም በተዘጋና በሞቀ ክፍል አስተኝተው ላብ እንዲያወጣ ያደርጉት ነበር። አንድ ነገር ግን ሐኪሙም ሆነ ተራው ሰው በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ይኸውም ከፈንጣጣ የዳነ ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ ነው።

የጥንቱ ዘዴ

ከዚህ ዕውቀት የመነጨ ዘዴ በቻይና፣ በሕንድ፣ በኦቶማን ግዛትና በአፍሪካ በልዩ ልዩ አካባቢዎች ይሠራበት ነበር። ቻይናውያን የደረቀ የፈንጣጣ ቅርፊት ፈጭተው በአፍንጫ ይነፉ ነበር። በሌሎቹ አገሮች ደግሞ ቀለል ያለ ሕመም ካለበት ሰው ቁስል ጥቂት ፈሳሽ ተወስዶ በጤነኛው ሰው ቆዳ ላይ በተበጣ ቦታ ይደረግ ነበር። የተከተበው ሰው ይታመማል፤ ሆኖም ሕመሙ በተፈጥሮ ከሚይዘው ይልቅ የቀለለ ነው። ቫይረሱ በመተንፈሻ አካል በኩል ሳይሆን በቆዳ በኩል በመግባቱ መጀመሪያ በተበጣው ቦታ ይራባል፤ በዚህም ሰውነት መከላከያውን ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል ተብሎ ይገመታል።

ይህ ዘዴ ጄነር በ1796 ከሞከሩት የላም ፈንጣጣ ክትባት የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚሰጠው እውነተኛው የሰው ፈንጣጣ ነው። ስለዚህ ከተከተቡት መካከል የሚሞቱ ነበሩ፤ ከዚህም በላይ የተከተበው ሰው በሽታውን ላልያዛቸው ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችል ነበር።

ዘዴውን ለአውሮፓ ሊቃውንት በጽሑፍ ያስተዋወቁት በቁስጥንጥንያ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ኢማኑኤል ቲሞኒና ጃኮሞ ፒላሪኒ ናቸው። ጽሑፎቻቸው በ1714 እና በ1716 በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ ወጡ፤ ነገር ግን አንድም የእንግሊዝ ሐኪም ወደ ተግባር አልለወጣቸውም። ድፍረቱ የተገኘው ሐኪም ካልሆኑ ሴት ወይዘሮ ነው። ሌዲ ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ ወንድማቸውን በ1713 በፈንጣጣ ያጡ፣ በ1715 ራሳቸው ታመው የዓይናቸው ሽፋሽፍት የረገፈና ፊታቸው በጠባሳ የተበላሸ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው በኦቶማን መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር ሆነው ሲሾሙ አብረው ሄዱ፤ በዚያም አሮጊቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን ሲከትቡ ተመለከቱ። በመጋቢት 1718 የኤምባሲው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ሜይትላንድ ባሉበት ልጃቸውን በአንዲት ግሪካዊት አሮጊት አስከተቡ። በ1721 ለንደን በወረርሽኝ ስትታመስም ሴት ልጃቸውን በሐኪሞች ፊት አስከተቡ።

ወደ አናሲሞስ የቀረበው ጥያቄ

በዚያው ዓመት ከአትላንቲክ ማዶ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው የቦስተን ከተማ፣ ተመሳሳይ ታሪክ በሌላ መንገድ ተጀመረ። የከተማዋ ታዋቂ ሰባኪ ኮተን ማዘር ብዙ ያነበቡና ብዙ የጻፉ፣ ግን አወዛጋቢ ሰው ነበሩ። በ1692 በሳሌም በጥንቆላ ተከሰው ሰዎች በስቅላት የተቀጡበትን ችሎት በመጽሐፍ በመከላከላቸው በሕዝቡ ዘንድ ቅሬታ አትርፈዋል። ወረርሽኝ የሚያደርሰውን ሐዘን ግን ከራሳቸው ቤት ያውቁታል፤ በ1713 በኩፍኝ ወረርሽኝ ሚስታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ቀብረዋል።

በ1706 ምዕመናኑ አንድ አፍሪካዊ ባሪያ ገዝተው በስጦታ ሰጧቸው። ማዘርም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ከተጠቀሰው ባሪያ ወስደው አናሲሞስ ብለው ሰየሙት፤ ትርጉሙ በግሪክኛ ጠቃሚ ማለት ነው። አንድ ቀን ማዘር ፈንጣጣ ይዞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። አናሲሞስ የሰጣቸው መልስ አዎንም አይደለምንም ያጣመረ ነበር። በትውልድ አገሩ ከፈንጣጣ ቁስል ጥቂት ፈሳሽ ተወስዶ በተበጣ ቆዳ ላይ እንደሚደረግ፣ እርሱም እንዲህ እንደተደረገለትና ከዚያ በኋላ በሽታው እንደማይዘው አስረድቶ በክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳያቸው። ማዘር በከተማዋ የነበሩ ሌሎች አፍሪካውያንን ሲጠይቁም ታሪኩ አንድ ዓይነት ሆነ። በኋላም የቲሞኒን ጽሑፍ ሲያነቡ ከባሪያቸው የሰሙት መሆኑን ተረድተው፣ በሐምሌ 1716 ይህንኑ ለንደን ላለው የሳይንስ ማኅበር ጻፉ። በዚያው ዓመት አናሲሞስ በምትኩ ሌላ ባሪያ የሚገዛበትን ገንዘብ ከፍሎ በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነፃነት አገኘ።

የ1721 ወረርሽኝ

በሚያዝያ 1721 ከካሪቢያን ባሕር የመጣች የጦር መርከብ ፈንጣጣን ወደ ቦስተን አስገባች። ማዘር ለከተማዋ ሐኪሞች ዘዴውን እንዲሞክሩ ጻፉ፤ እሺ ያሉት ዛብዲኤል ቦይልስተን ብቻ ነበሩ። ቦይልስተን ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ፣ ሙያውን ከአባታቸውና ከሌላ ሐኪም ሥር ሆነው የተማሩ ሰው ናቸው። ሰኔ 26 ቀን የስድስት ዓመት ልጃቸውን ቶማስን፣ ባሪያቸውን ጃክንና የጃክን ሕፃን ልጅ ከተቡ። ሦስቱም ዳኑ። ልጁን ለሙከራ ያቀረበው አባት የራሱን ፈቃድ ሰጥቷል፤ ጃክ ግን እምቢ የማለት መብት አልነበረውም።

የከተማው ሕዝብ በቁጣ ተነሣ። የከተማው አስተዳዳሪዎች ቦይልስተንን ጠርተው ሥራውን እንዲያቆሙ አዘዙ። የተቃውሞው መሪ በቦስተን የሕክምና ዲግሪ የነበራቸው ብቸኛ ሐኪም ዊልያም ዳግላስ ነበሩ። ዳግላስ የአፍሪካውያንን ምስክርነት በንቀት አጣጣሉ፤ በዚህ ተሳስተዋል። ነገር ግን የተከተቡት ሰዎች ተለይተው ሳይቀመጡ በከተማው ውስጥ በሽታውን ሊያዛምቱ ይችላሉ፣ ዘዴው በበቂ ሁኔታ አልተፈተነም ብለው ያነሡት ሥጋት እውነትነት ነበረው። በነሐሴ ወር በጄምስ ፍራንክሊን አሳታሚነት የተጀመረው ጋዜጣም የክትባቱ ተቃዋሚዎች መድረክ ሆነ። በማተሚያ ቤቱ በለማጅነት ይሠራ የነበረው የ15 ዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ፍራንክሊን አድገው ስመ ጥር ከሆኑ በኋላ በ1736 የአራት ዓመት ልጃቸው ሳይከተብ በፈንጣጣ ሞተባቸው፤ ልጁን ሳያስከትቡ በመቅረታቸውም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተጸጸቱ።

በኅዳር ወር አንድ ሌሊት በማዘር ቤት መስኮት በኩል ቦምብ ተወረወረ። የወደቀውም የተከተበ ዘመዳቸው በተኛበት ክፍል ነበር፤ ማቀጣጠያው ተነቅሎ ስለወደቀ ሳይፈነዳ ቀረ።

ቁጥር እንደ ምስክር

ወረርሽኙ ሲያበቃ 11,000 ያህል ሕዝብ በነበረባት ከተማ 5,889 ሰዎች ታመው 844 ሞተዋል፤ ይህም ከሰባት ሕሙማን አንድ ማለት ነው። ቦይልስተን ከ240 በላይ ሰዎችን ከትበው የሞቱት ስድስት ናቸው፤ ከ40 ሰዎች አንድ ያህል መሆኑ ነው። ቦይልስተን ሕሙማኑን በዕድሜ ለይተው፣ የሞቱትንም ሳይደብቁ መዝግበው በ1726 ለንደን ውስጥ አሳተሙ። በዘመናዊ መመዘኛ ሲታይ ማስረጃው ጉድለት አለው። ተከታቢዎቹ በዕጣ የተመረጡ አይደሉም፤ ከሞቱትም አንዳንዶቹ ከመከተባቸው በፊት በበሽታው ተይዘው ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የልዩነቱ ስፋት በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም።

በእንግሊዝ ደግሞ የሳይንስ ማኅበሩ ጸሐፊ ሐኪም ጄምስ ጁሪን ክትባት የሚሰጡ ሁሉ ውጤታቸውን እንዲልኩላቸው በይፋ ጠየቁ። የተሰበሰበውን መረጃ ሲያነጻጽሩ በተፈጥሮ ፈንጣጣ ከታመሙት ከሰባት ወይም ከስምንት ሰዎች አንዱ፣ ከተከተቡት ግን ከ50 ሰዎች አንዱ ብቻ እንደሚሞት አሳዩ። የሕክምና ክርክር በባለሥልጣን ቃል ወይም በጥንት መጽሐፍ ሳይሆን በቆጠራ ሲዳኝ ከታየባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ዕውቀት ዋጋ በእኩልነት አልተከፈለም። በነሐሴ 1721 ለንደን በሚገኘው የኒውጌት ወህኒ ቤት ሞት የተፈረደባቸው ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች በሕይወት ከተረፉ ምሕረት እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ተከተቡ። ሁሉም ተርፈው ተለቀቁ። ከመካከላቸው አንዲቱ ወጣት መከላከያው መሥራቱ እንዲረጋገጥ የፈንጣጣ ሕሙማንን እንድታስታምም ተላከች፤ በሽታውም አልያዛትም። ቀጥሎ የተሞከረው በወላጅ አልባ ሕፃናት ላይ ነው። የዌልስ ልዕልት ሁለት ሴት ልጆች የተከተቡት ከዚያ በኋላ፣ በሚያዝያ 1722 ነበር። ባሪያው፣ እስረኛውና ወላጅ አልባው ሕፃን አደጋውን ቀድመው ተሸከሙ፤ ጥቅሙን ቀድመው ያገኙት ግን የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያም ፈንጣጣ ለዘመናት የታወቀ ጠላት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ መጀመሪያ የተጠራው በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን እንዲያክም ነው። ቆዳን በጥቶ የፈንጣጣ ፈሳሽ የመክተብ ልማድም በኢትዮጵያ ይሠራበት ነበር። ክትባትና ክታብ የሚሉት ቃላት መቀራረባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ከተበ ከሚለው ግስ የሚመዘዙ ናቸው።

በጥር 1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር ይህ ነባር ልማድ ለዘመቻው ሠራተኞች ፈተና ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። በአገሪቱ የነበረው የበሽታው ዓይነት ቀለል ያለ በመሆኑ አንዳንድ ማኅበረሰቦች አዲሱን ክትባት ንቀው የአባቶቻቸውን ዘዴ መረጡ፤ እርሱም አዳዲስ ወረርሽኞችን ይቀሰቅስ ነበር። ዳግላስ ከ250 ዓመት በፊት በቦስተን ያነሡት ሥጋት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ እውነት ሆኖ ታየ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ተጉዘው፣ ከየአገሩ ሽማግሌ ጋር ተነጋግረው፣ አንዳንዴም ተባረው ዳግመኛ ተመልሰው ሥራውን ፈጸሙ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘ። በዓለም የመጨረሻው የተፈጥሮ ፈንጣጣ ሕመምተኛ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ሜርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበሩት አሊ ማው ማሊን ናቸው። በሆስፒታል እየሠሩ ሕመሙን ፈርተው ሳይከተቡ የቀሩት ማሊን ከጊዜ በኋላ የፖሊዮ ክትባት ቀስቃሽ ሆነው የራሳቸውን ታሪክ ለወላጆች ይናገሩ ነበር። የዓለም ጤና ጉባዔም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ከዚህ ታሪክ የጤና ባለሙያው የሚያገኘው ትምህርት ብዙ ነው። ቦይልስተንና ጁሪን ሞትንም ሆነ መዳንን በእኩል ዓይን መመዝገብ እንደሚገባ አሳይተዋል። የዳግላስ ታሪክ ዲግሪ ያለው ሰው ምስክሩን ንቆ እውነትን ሊስት፣ በዚያው ክርክር ግን ሌላ እውነት ሊይዝ እንደሚችል ያስተምራል። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ማንኛውም ባለሙያ በየቀኑ የሚያደርገው ተራ ነገር ነው፤ የአንድን ሰው የሕመም ታሪክ መጠየቅ። አናሲሞስ የመለሰው አዎም አይደለምም የማይባል መልስ ነበር። ጠያቂው እንደ ግራ መጋባት ቆጥረው ቢያልፉት ኖሮ በቦስተን የዳኑት ብዙዎች ባልዳኑ ነበር። እስከ መጨረሻው ስላዳመጡት ግን አንድ ባሪያ በክንዱ ይዞት የመጣው ዕውቀት ለአንድ ከተማ ተረፈ።