የጠፋውን እሳት ፍለጋ

አሮጌ የቤንዚን ጭነት መኪና ሞተሪኖው እየዞረ አልነሳ ሲል መካኒኩ ሁለት ነገር ያጣራል፤ ቤንዚን ይደርሳል? ካንዴላው እሳት ይሰጣል? ቤንዚኑ ከሽታው ይታወቃል። የእሳቱ ፍለጋ ግን እንደ መኪናው ዘመን ይለያያል።

ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ሞዴል ቲቲ አንድ ቶን የሚጭን መኪና ነበር፤ ሞተሩ የታዋቂው ሞዴል ቲ ነው። ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ጎማ (ፍላይዊል) ላይ የታሰሩ 16 ማግኔቶች እየዞሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ለአራቱ ሲሊንደሮች ቮልቱን ከፍ የሚያደርጉ አራት ኮይሎች አሉት፤ እያንዳንዱ በራሱ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። በሣጥኑ አናት ላይ ያለች ቀጭን ብረት እየተንቀጠቀጠች ኤሌክትሪኩን ስታቋርጥና ስትቀጥል እንደ ንብ ትጮሃለች።

ጩኸቱ ለመካኒኩ ትልቅ መረጃ ነበር። ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ሲያዞር አራቱም በየተራ መጮህ አለባቸው። አንዱ ዝም ካለ የዚያን ኮይል ቦታ ከጎረቤቱ ጋር ይለዋውጣል። ዝምታው ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ የተበላሸው እሱ ነው፤ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ደግሞ ሽቦውን ወይም ተራ የሚሰጠውን ታይመር ይመረምራል። ከ1919 ጀምሮ ለሞዴል ቲ ባትሪና ሞተሪኖ ሲመጡለት ሌላ መንገድ ተከፈተ። በባትሪ የሚሠራው ሞተር ወደ ማግኔት ሲዞር ከጠፋ ጥፋቱ ከማግኔቱ በኩል ነው። ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ከማርሽ ሳጥኑ ሸራ የረገፈ ብናኝ የማግኔቱን መውጫ ጫፍ መሸፈኑ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ አሠራር እየተስፋፋ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የቀየሰው የባትሪ ማቀጣጠያ በ1910 ገደማ ካዲላክ ላይ ገባ። አንድ ኮይል ብቻ ነው ያለው፤ ዲስትሪቢዩተሩ እሳቱን ለየካንዴላው ያድላል። በውስጡ ሁለት ትንንሽ የብረት ጫፎች ተገናኝተው በተለያዩ ቁጥር የባትሪው 6 ወይም 12 ቮልት በኮይሉ ውስጥ ወደ ሺህዎች ይወጣል። ከጎናቸው ያለው ኮንደንሰር ጫፎቹን ከመቃጠል ይጠብቃል፤ እሱ ሲበላሽ እሳቱ ይደክማል ወይም ይጠፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተው የጂኤምሲ ባለ ስድስት ጎማ ወታደራዊ መኪናም በዚሁ ዘዴ ነበር የሚነሳው።

እዚህ ጋ ምርመራው በዓይን ሆነ። መካኒኩ ከኮይሉ የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያርቀውና ሞተሪኖውን ያስመታል። ሰማያዊ እሳት ከዘለለ ኮይሉ ደህና ነው፤ ችግሩ በክዳኑ፣ በውስጡ በሚዞረው አካፋይ፣ በሽቦዎቹ ወይም በካንዴላዎቹ ላይ ይፈለጋል። ካልዘለለ ትንሽ አምፖል ከኮይሉ የዲስትሪቢዩተር በኩል ጫፍና ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኛል። ሞተሩ ሲዞር አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ጫፎቹ እየሠሩ ነው፤ የሚጠረጠሩት ኮይሉና ኮንደንሰሩ ናቸው። ሳይጠፋ ከበራ ጫፎቹ አይገናኙም። ጨርሶ ካልበራ ወይ ከቁልፉ የሚመጣው መስመር ተቋርጧል፣ ወይ አንድ ቦታ ከአካሉ ጋር ተነካክቷል። ወራት ሳይነሳ የቆመ መኪና ላይ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በጫፎቹ ላይ የያዘው ስስ ዝገት ነው፤ በጥሩ ሞረድ ጠርጎ ክፍተቱን ማስተካከል ይበቃዋል።

ሶቪየቶች ዚል 130 በተባለው ጭነት መኪና ላይ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ማቀጣጠያ መሸጋገሪያ አበጁ። ዋናውን ኃይል ትራንዚስተር ይቆርጣል፤ ጫፎቹ ትንሽ ምልክት ብቻ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ አይቃጠሉም። ሆኖም የሚያልፍባቸው ኤሌክትሪክ ዘይትና ዝገትን ለማቃጠል ስለማይበቃ ጥቂት ቅባት እንኳ እሳቱን ያጠፋዋል፤ መድኃኒቱም በቤንዚን ማጠብ ነው። በደርግ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የሶቪየት ወታደራዊ መኪኖች መካከል የቤንዚን ዚልና ኡራል ነበሩ።

በ1970ዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጫፎቹን ጨርሰው አስወገዱ። ክራይስለር በ1973፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1975 የኤሌክትሮኒክስ ማቀጣጠያን በመኪኖቻቸው ላይ መደበኛ አደረጉት። ያን ጊዜ ሽቦ ነቅሎ እሳት ማዝለል አደገኛ ሆነ፤ መውጫ ያጣው ከፍተኛ ቮልት ኮይሉን ወይም በጫፎቹ ፈንታ የገባውን የኤሌክትሮኒክስ ሞጁል ያቃጥላል፣ መካኒኩንም ክፉኛ ይመታዋል። በምትኩ ክፍተቱ አስቀድሞ የተለካ መሞከሪያ ካንዴላ ከሞተሩ ብረት ጋር በመቆንጠጫ ታስሮ እሳቱ ከሩቅ የሚታይ ሆነ።