ነፋስ ተቀባይዋ ቱቦ

ዛሬ የምተርክላችሁ የትንሽ ጣት ውፍረት እንኳ ስለማትሞላ ቱቦ ነው። ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ወደ ፊት ተቀስራ ትወጣለች፤ አፏን ለነፋስ ከፍታ ትበራለች። የተቀበለችውን ግፊት በክንፉ ውስጥ አሳልፋ አብራሪው ፊት ላለው የፍጥነት መለኪያ ታደርሳለች። ፒቶ ትባላለች። ስሟ የፈረንሳዊው መሐንዲስ የአንሪ ፒቶ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1732 ፓሪስ ላይ በሴን ወንዝ ውስጥ ጫፉ የታጠፈ ቱቦ አጥልቆ የውሃውን ፍጥነት ለካ። አውሮፕላን ገና አልተሠራም ነበር።

ወለጋ፣ ነቀምት ድረስ ይህን ወሬ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። ወለጋና አውሮፕላን የቆየ ትውውቅ አላቸው።

ሰኔ 1928 ዓ.ም. ነው። ጠላት አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ወር አልሞላውም። ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምት አካባቢ ቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። ከመጡት መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና በአገሩ ስመ ጥር የሆነው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። ወለጋን ያለ ውጊያ እናስገብራለን ብለው ነበር የመጡት። ሌሊቱን ግን የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ያሉበት ጦር፣ ደረሱባቸው። አውሮፕላኖቹ እዚያው ሜዳው ላይ ጋዩ። ከጣሊያኖቹ ወገን በሕይወት የተረፉት ቄሱ ማሪዮ ቦሬሎ ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዓመት፣ ጠላት ከመድረሱ በፊት፣ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን እዚሁ አገር ቤት ገጣጥሞ አበረረ። «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በንጉሡ ልጅ ስምም «ፀሐይ» ተባለች። ጠላት ማርኮ ወሰዳት፤ ብዙ ዘመን ሮም አቅራቢያ በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ስሟን የሰጧት ልዕልት ፀሐይ ግን ለንደን በነርስነት ተምረው፣ ከስደት ተመልሰው፣ ባለቤታቸውን ተከትለው ወለጋ ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚያው ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። ስለ ፀሐይ አውሮፕላን ሲወራ ነቀምት ሳትነሣ ስትቀር ይቆጨኛል።

ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ መጣ። በሙያው የጤና ባለሙያ ነው። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመትህ አንድ ሴንቲ ሜትር አንሷል ተባለ። እሱም ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ እየተማረ፣ የአሮጌ ቮልስ ሞተር ፈልጎ፣ የራሱን አውሮፕላን ሠራ፤ K ፊደልን ከእናቱ ከኪሮስ ስም፣ 570ን ከፈጀበት ቀን ወስዶ «ኬ-570ኤ» አላት። ወሬው ዓለምን ዞረ። ሁሉም ያወራው ስለ ክንፉና ስለ ሞተሩ ነበር። እኔ ደግሞ ስለዚህ ዓይነት ሥራ በሰማሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ማንም ፎቶ ወደማያነሣው፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ወዳለው መገጣጠሚያ ነው።

እንበልና አንድ የነቀምት ልጅ፣ በከባድ መኪና ጋራዥ ያደገ፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ጀመረ። ቱቦ ለእሱ እንግዳ አይደለም። የመኪናውን የአየር ፍሬን ቱቦ ሲቆርጥና ሲገጥም ነው የኖረው፤ የሚያፈስ መገጣጠሚያ «ጭስስ» ሲል ጆሮው ይለየዋል። ፒቶ ላይ ግን ያ ጆሮ አይረዳውም። የፍሬኑ አየር 8 ባር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲበር በፒቶዋ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከአንድ ባር ሁለት መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ውሃን ከፍ የሚያደርገው 4 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ግፊት ሲያፈስ ድምፅ የለውም። መርፌው ዝቅ ብሎ ውሸት ይነግራል፣ ያ ብቻ ነው።

ልጁ ገበያ ወጥቶ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ናይለን ቱቦ ያገኛል። ከውጭ የመጣው መገጣጠሚያ ግን ሩብ ኢንች ነው፤ ይኸውም 6.35 ሚሊ ሜትር። ዓይን አይለያቸውም። ቱቦው ገብቶ የያዘ ይመስላል፣ ዙሪያውን ግን ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ስለዚህ ቱቦና መገጣጠሚያ በአንድ ልክ ይገዛሉ፣ በካሊፐር ይለካሉ። ጫፉ በፒንሳ አይቆረጥም፤ ይጨፈለቃል። በሹል ምላጭ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ እስከ መጨረሻው ይገፋል፣ ከዚያ መለስ ተደርጎ ይሳባል። ጥርስ ባለው መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን ሲጠመጠም የመጀመሪያው ጥርስ ባዶ ይተዋል፤ ተበጥሳ የገባች የቴፍሎን ቁራጭ መንገዱን ትዘጋለችና።

ሁለተኛም ቱቦ አለ፤ ስታቲክ የሚሉት። እሱ የሚቀበለው ከጎን፣ የቆመውን አየር ነው። ሦስት አፍ ባለው መገጣጠሚያ፣ በቲ፣ ተከፋፍሎ ለፍጥነት፣ ለከፍታና ለመውጣት-መውረድ መለኪያዎች ይደርሳል። የፍጥነት መለኪያው ሥራ የሁለቱን ልዩነት ማንበብ ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ መርፌው ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ በየጫፉ ስም ይጻፍበት፣ በቀለምም ይለይ።

ፍተሻው ግንበኛ ሁሉ በሚያውቀው ዕቃ ይሠራል፤ ውሃ ልክ በሚደረግበት ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ። ቱቦው በ«U» ቅርጽ ታጥፎ ውሃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፉ በአንድ ቲ ከፒቶዋ አፍና ከሐኪም ቤት ስሪንጅ ጋር ይያያዛል። ስሪንጁ ቀስ ተብሎ ይገፋል። የሁለቱ ውሃ ልዩነት 4.8 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መርፌው 100ን፣ 10.8 ሲደርስ 150ን ማሳየት አለበት። ከዚያ ተይዞ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌው ከወረደ የሚያፈስ አለ፤ መገጣጠሚያው አንድ በአንድ እየተዘጋ ይፈለጋል። በአፍ መንፋት ክልክል ነው፤ በመለኪያው ውስጥ ያለው ስስ ቆርቆሮ አይችለውም።

ወለጋ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ነቀምት ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል። መርፌው 100 ሲል አውሮፕላኑ በእውነት 111 ገደማ ይሮጣል። መርፌው የሚናገረው ክንፉ የሚሰማውን ነው፤ አብራሪው ለማረፍ በመርፌው ይመራ፣ ሜዳውን ግን ረዘም አድርጎ ይምረጥ። ዝናቡም አለ። ከግንቦት እስከ መስከረም በነቀምት፣ በጊምቢና በነጆ ሰማይ የሚወርደውን ለሚያውቅ፣ ቱቦው ተዳፋት ሊኖረው፣ በዝቅተኛው ቦታም ውሃ ማንጠፊያ ሊደረግለት እንደሚገባ ግልጽ ነው። ቱቦ መሐል የቆመች አንዲት የውሃ ጠብታ ግፊቱን ታዛባለች።

ተርብም አለ፤ ጭቃ ለጣፊው ተርብ። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1996 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ ቦይንግ 757 ተነሥቶ ባሕር ገባ፤ 189 ሰው አለቀ። አንደኛዋ ፒቶ ተዘግታ ነበር፤ የተጠረጠረው ያው ተርብ ነው። የተዘጋች ፒቶ ከፍታ ሲጨምር ፍጥነት ጨመረ ብላ ታሳያለች፤ አብራሪው አፍንጫውን ያነሣል፣ ክንፉ ይከዳዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 2 በፔሩ የሌላ 757 የስታቲክ ቀዳዳዎች ለእጥበት በፕላስተር ተለጥፈው ሳይነሡ ቀሩ፤ 70 ሰው ሞተ። እኒያ ትልልቅ አውሮፕላኖች ሁለትና ሦስት መለኪያ ነበራቸው። የልጃችን አውሮፕላን አንድ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ እለምነዋለሁ፤ ሲያሳድር ለፒቶዋ ቀይ ጨርቅ ያልብሳት፣ ጨርቁን ሲያወልቅ ውስጧን በብርሃን ይይ። ዳዶ ወይም ፋሼታ በተነካ ቁጥር፣ ራዲዮ ለማስተካከል ብቻ እንኳ የመለኪያው ሰሌዳ በተነቀለ ቁጥር፣ ስሪንጁንና የውሃ ቱቦውን ያምጣ። ውጤቱን ከነቀኑ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ጓደኛውም አይቶ ይፈርምበት። ያ ሳይሆን ከጋራዡ አይውጣ።