የስድስት ብር ደረሰኝ

እናቴ የኪራይ ደረሰኞቿን የምታኖረው በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ቆርቆሮው ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። የወረቀቶቹ ጠርዝ ተበልቷል፤ የካርቦኑ ሰማያዊ ቀለም ደብዝዟል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል፤ ብር 6.00። ከ1967 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ጌጃ ሰፈር የነበረችው ቤታችን እስከፈረሰችበት ጊዜ ድረስ ያው ስድስት ብር ነው። ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ ገባ። በ1985 አንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ዘለለ። በመጨረሻም በስድስት ብር አንድ ማኪያቶ የማይጠጣበት ዘመን መጣ። ደረሰኙ ግን አልሰማም። ልጆቼ ስለ አብዮቱ ሲጠይቁኝ ከመጽሐፍ በፊት ይህችን ቆርቆሮ ነው የምከፍትላቸው።

ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ በፊት የምንከፍለው አሥራ ሁለት ብር ነበር። ግቢው ስምንት ክፍሎች ነበሩት፤ ሁሉም የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ፣ ጣራቸው ቆርቆሮ። ከፊት ባለው ትልቁ ቤት አከራያችን ይኖሩ ነበር። እሜቴ ነበር የምንላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከኪራይ ሌላ ገቢ የሌላቸው ሴት ነበሩ። ኪራይ ሲዘገይባቸው አይቆጡም፤ በማለዳ በራችን ላይ ቆመው "ልጁ ደኅና አደረ?" ይላሉ። እናቴ ነገሩ ይገባታል። እንጀራ ጋግራ ነበር የምትሸጠው፤ ያን ቀን ሊጥ ጨምራ ታቦካለች።

አባቴ በልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ጫኝ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሜሪካኖቹ ቲደብሊውኤ ረዳትነት በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም መነሻው እዚያ ሜዳ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ይዞ በአስመራ በኩል ካይሮ መመላለስ ጀመረ። ዘመነ ጄት ሲመጣ ሜዳው ጠበበና በ1950ዎቹ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። አባቴም አብሮ ዞረ፤ እስኪሞት ድረስ ከጌጃ ሰፈር ቦሌ በእግሩ ይመላለስ ነበር። ከሰው አገር ጦርነት የተረፈው አውሮፕላን የእኛን ኪራይ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ሌላ የሩቅ ጦርነት ደግሞ ኪራዩን ቀነሰልን። በ1966 መስከረም ማለቂያ ግብፅና ሶርያ ከእስራኤል ጋር ተዋጉ፤ የዐረብ አገሮች ነዳጃቸውን ያዙ፤ ዋጋው ናረ። የነዳጁ ዋጋ አዲስ አበባ ሲደርስ ባለታክሲዎቹ የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። መምህራኑም በዚያው ቀን አድማ መቱ። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። ነዳጁ ባይወደድ አብዮት አይመጣም ነበር አልልም። ተማሪው ከ1957 ጀምሮ "መሬት ለአራሹ" እያለ ነበር፤ በወሎ ገበሬ በረሃብ አልቋል። ነዳጁ የደረቀ እንጨት ላይ የወደቀ ክብሪት ነው።

የገጠሩ መሬት የካቲት 25 ታወጀ። የእኛ ተራ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደረሰ፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47። በግቢው ሬዲዮ የነበራቸው እሜቴ ብቻ ነበሩ። ዜና ሲኖር ድምፁን ከፍ አድርገው በረንዳው ላይ ያስቀምጡልናል፤ ያን ቀንም እንደልማዳቸው አስቀመጡልን። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ እንደሚኖረው፣ ማከራየት እንደቀረ የሚደነግገው፣ ቤታቸውን የሚወርሰው አዋጅ በራሳቸው ሬዲዮ ተነበበ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀምሮ ወደ በረንዳው ሲያይ ማቆሙን አስታውሳለሁ።

ከመቶ ብር በታች የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። የድሃው ኪራይ በግማሽ ወረደ። የተረፈችው ስድስት ብር ለእኔ ደብተርና ጫማ ሆነች። ይህን የሚያቃልል ሰው ሲገጥመኝ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ሄዶ የማያውቅ ነው እላለሁ። እሜቴም ትልቁን ቤት ይዘው ቀሩ፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ የእጅ አምባራቸውን ሸጠው ጨረሱ። ካድሬዎቹ "ጓድ በሏቸው" ቢሉም እናቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው እሜቴ ማለቷን አልተወችም።

በየወሩ ቀበሌ ሄጄ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። ስኳርና ሳሙና የሚታደለው፣ ጠብ የሚዳኘው፣ መታወቂያ የሚሰጠው እዚያው ነው። መጋቢት 1969 በከተማው ሁሉ አሰሳ ሲሆን ቤታችንን የበረበሩት የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ። ደረሰኝ የሚቆረጥበት ክፍል ጀርባ ሌላ ክፍል ነበረ፤ ከሰፈሩ ወጣቶች እዚያ ገብተው ያልተመለሱ አሉ። ከዚያ ወር ጀምሮ እናቴ ብሩን ከእጄ ተቀበለችኝ። "አንተ አትሄድም" አለች፤ ሁለት ዓመት ያህል ራሷ ሄደች። የኪራዩን ግማሽ የማረን እጅና ልጅ የወሰደው እጅ አንድ ነበር። የአብዮቱን መልክ ባሰብኩ ቁጥር ሁለቱን መነጠል አልቻልኩም።

በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ በዚያው ቀበሌ አዳራሽ ምሽት ምሽት ፊደል ቆጠረች። አስተማሪዋ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች። እናቴ ማንበብ ስትችል መጽሐፍ አልፈለገችም፤ ቆርቆሮውን ከፈተች። አራት ዓመት ሙሉ ደረሰኙ ላይ የአያቴ ስም ተበላሽቶ ሲጻፍ ኖሯል፤ "ወልደ" የሚለው ወድቆ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው "ቤቱ እንደሆነ ያውቅሽ የለ፣ ምን አስጨነቀሽ?" አላት። "ቤቱስ ያውቀኛል፤ መዝገቡ አያውቀኝም" ብላ እስኪያስተካክል ድረስ ከቢሮው አልወጣችም።

ዓመታት ሲያልፉ አዋጁ አከራያችንን እንጂ ተከራይነታችንን እንዳልለወጠው ገባን። እሜቴ ጣራ ሲያፈስ ቆርቆሮ ያስመታሉ፤ ቀበሌ ግን ያን ያህል ኪራይ ሰብስቦ የሚጠግንበት ገንዘብ የለውም፤ ራሳችን እንድናድሰውም ፈቃድ ያስፈልጋል። ግድግዳው ሲያዘነብል በእንጨት ደገፍነው፤ ጣራውን በላስቲክ ሸፈንነው። ስምንቱ ክፍሎች አንድ ቦኖና አንድ ሽንት ቤት ይዘው አረጁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ተባለ፤ መሬቱ ግን በሊዝ ዋጋ አወጣ። ለመሐል ከተማ የቀረበ የጭቃ ቤት፣ ከሥሩ ያለው አፈር ከእሱ የተወደደ፣ ዕድሜው አጭር ነው።

የልደታ አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ሲበቅልባቸው የእኛም ረድፍ ተራው ደረሰ። ምትክ ቤት የሚያገኘው በመዝገብ ያለ ነው። በአንድ ጽሕፈት ቤት ወረፋ ይዘን ቆምን፤ ከፊታችን የነበሩት ጎረቤታችን መታወቂያቸውና የኪራይ መዝገባቸው በአባት ስም ተለያይቶ "ሌላ ሰው ነው" ተብለው ተመለሱ። ስንት ወር እንደተመላለሱ እሳቸው ያውቁታል። የእናቴ ወረቀት ላይ "ወልደ" በቦታው ነበር። አስተናጋጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ማኅተሙን መታው።

የሰፈራችን እድር ግን ማኅተም አልነበረውም። አባላቱ ጀሞ፣ ገላን፣ የት የት ተበተኑ። ድንኳኑና አግዳሚዎቹ በአንድ ሰው ግቢ ተከማችተው ከረሙ፤ ለቅሶ ሲኖር ጡሩምባ ሳይሆን ስልክ ነበር የሚጠራን። በቻይና ብድር የተሠራው ቀላል ባቡር በ2008 ሲጀምር እናቴን ይዤ ከጦር ኃይሎች ተሳፈርን። ልደታ ፌርማታ ስንደርስ በመስኮቱ አይታ "እዚህ እኮ ነበርን" አለች። ተነሥታ አልወረደችም።

ልጄ ዛሬ ተከራይታ ትኖራለች፤ ከመንግሥት ሳይሆን ከግለሰብ። አከራይዋ በየስድስት ወሩ ይጨምራሉ። በ2016 የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ሲወጣ፣ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ሲደነገግ፣ በሬዲዮ ሰምቼ የእሜቴ በረንዳ ትዝ አለኝ። እንደዚያን ቀን ቤት የሚወርስ አዋጅ አይደለም፤ ኪራይን ግን ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መልሶ የመንግሥት ጉዳይ አደረገው። ወዲያው ለልጄ ደወልኩና "ውል አስጽፊ፣ ደረሰኝ ያዢ" አልኳት።

"አባዬ፣ በባንክ ነው የምልክላቸው እኮ" አለችኝ፤ ስትመጣም ስልኳን አሳየችኝ። ከብሩ ብዛት በፊት ዓይኔ የሄደው ወደ ስሟ ነው። ከነአያቷ በሙሉ ተጽፏል።