ጉልበተኛውን ወጣት ሆኪ ተጫዋች ለፕሮፌሽናል ደረጃ ማብቃት

የበረዶ ሆኪ ለአብዛኛው የአገር ቤት አንባቢ እንግዳ ስፖርት ነው። በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ ልጅ ለሚያሳድግ ወገናችን ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣው ወሬ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስፖርት ውስጥ ዘወትር የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከእኩዮቹ በአንድ ራስ የሚበልጥ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ግጭት የማይፈራ ልጅ ሲገኝ ለፕሮፌሽናል ደረጃ የሚበቃው እንዴት ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የስፖርት ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ላየው ግን የሕክምና፣ የሠራተኛ ሕግ፣ አልፎ አልፎም የወንጀል ሕግ ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁመትና ክብደት ምን ይገዛል?

የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሜዳ 61 ሜትር ያህል ርዝመትና 26 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ በረዶ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ ይገባሉ። ፓክ የምትባለውን ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ የያዘን ተጫዋች በትከሻና በደረት ገጭቶ ማስለቀቅ በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ይህም ቦዲ ቼክ ይባላል። ዓላማው ሰውየውን ከፓኩ መለየት እንጂ መጉዳት አይደለም። ጠቅላላው ክርክር የሚመነጨው ከዚህች ቀጭን መስመር ነው።

በወጣቶች ሊግ ቀድሞ ያደገ ልጅ ብዙ ነገር በነፃ ያገኛል። ግድግዳው ሥር ተገፍቶ አይወድቅም፣ በጎሉ ፊት ሲቆም የሚያነቃንቀው የለም፣ ተከላካዮች ሲያዩት ፓኩን ጥለው ይሸሻሉ። ችግሩ ይህ ብልጫ ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሄዱ ነው። እኩዮቹ ያድጋሉ። ፕሮፌሽናል ደረጃ ሲደርስ ደግሞ የሚገጥመው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ እሱም ከባድ፣ እሱም ጠንካራ፣ በዚያ ላይ ፈጣን። ያን ጊዜ የሚለየው ክብደት ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ፍጥነት፣ በጠባብ ቦታ መዞር መቻልና ፓኩ ከመድረሱ በፊት ቀጣዩን እንቅስቃሴ ማሰብ ነው። ስለዚህ ለግዙፍ ወጣት የመጀመሪያው መድኃኒት ክብደት ማንሻ ክፍል ሳይሆን የስኬቲንግ አሰልጣኝ ነው። ጡንቻው ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። የተበላሸ የእግር አጣጣል ግን በሃያ ሁለት ዓመት ለማቃናት እጅግ ይከብዳል።

መጋጨትም ትምህርት ነው

ልጆች መጋጨት የሚጀምሩበት ዕድሜ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በ2010 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ሁለት የካናዳ ግዛቶችን አነጻጽሯል። ግጭት በተፈቀደበት አልበርታ የሚጫወቱ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች፣ ግጭት ከተከለከለበት ኩቤክ ጋር ሲነጻጸሩ፣ የአንጎል መናወጥ የመድረሱ ዕድል ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ ሆኪ ፌዴሬሽን በ2011፣ የካናዳው ደግሞ በ2013 በዚህ ዕድሜ ክልል ግጭትን ከለከሉ።

ልጁ በ13 ዓመቱ ግጭት ወደሚፈቀድበት ክፍል ሲገባ ግን ሳይማር እንዳይገባ ያስፈልጋል። ጥሩ አሰልጣኝ የሚያስተምረው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። በመጀመሪያ የተጋጣሚን መንገድ በማዕዘን መዝጋት፤ ቀጥሎ ዱላን ከፓኩ ላይ ማሳረፍ፤ ከዚያ በኋላ ትከሻን በደረት ላይ ማሳረፍ። እግር ከበረዶው አይነሳም፣ ክርን ወደ ላይ አይወጣም፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው አይገጭም። ግዙፉ ልጅ ይህን ከሌሎች አብልጦ መማር አለበት። ምክንያቱም ቁመቱ ራሱ ያሳስተዋል። የእሱ ትከሻ የሚደርሰው ከአጭሩ ተጋጣሚ አገጭ ላይ ነውና።

የመንገዱ ካርታ

የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) 32 ቡድኖች አሉት። 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች ቡድኖቹ በየዓመቱ በሰባት ዙር ድራፍት ይከፋፈሏቸዋል። መመረጥ ማለት ግን መቀጠር ማለት አይደለም፤ ቡድኑ ከልጁ ጋር የመደራደር ብቸኛ መብት አገኘ ማለት ብቻ ነው።

አብዛኛው ካናዳዊ ወጣት የሚያድገው በሦስቱ የጁኒየር ሊጎች (በጋራ ስማቸው ሲኤችኤል) ነው። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 20 የሆኑ ልጆች በዓመት 68 ያህል ጨዋታ ያደርጋሉ። ሌላው መንገድ የአሜሪካ ኮሌጅ ነው። የኮሌጁ ጨዋታ ቁጥር በግማሽ ያህል ያነሰ በመሆኑ ለጂምና ለልምምድ ጊዜ ይተርፋል፤ ሰውነቱ ገና እየሞላ ላለ ልጅ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ቀድሞ ሁለቱ መንገዶች አይገናኙም ነበር። ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ግን በጁኒየር ሊግ የተጫወተ ልጅ ለኮሌጅም መጫወት ይችላል።

ከእነዚህ በላይ፣ ከኤንኤችኤል በታች፣ በ1936 የተመሠረተው የአሜሪካ ሆኪ ሊግ (ኤኤችኤል) አለ። ልጁ ከጎልማሶች ጋር የሚለማመድበት እውነተኛው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ይሁንና በሊጎቹ መካከል ባለው ስምምነት መሠረት ከጁኒየር የመጣ፣ 20 ዓመት ያልሞላው ወጣት ለዓመታት ወደዚህ ሊግ መውረድ አይችልም ነበር። ወይ ኤንኤችኤል ይገባል፣ ወይ ወደ ጁኒየር ይመለሳል። በ2025 የተደረሰው የኅብረት ስምምነት ይህን በር ለአንድ ቡድን አንድ የ19 ዓመት ተጫዋች ያህል የመክፈት ሐሳብ ይዟል። የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ከአሥር ያነሰ ጨዋታ ካደረገ ደግሞ የመጀመሪያ ውሉ በአንድ ዓመት ይገፋል። “ዘጠኝ ጨዋታ አይቶ መመለስ” የሚባለው ልማድ የመጣው ከዚህ ነው።

የቶም ዊልሰን ጉዳይ

ይህ አሠራር በተግባር ምን እንደሚመስል ከቶም ዊልሰን ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በ1994 ቶሮንቶ ተወለደ፤ ቁመቱ 193 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ነው። በ2011-12 ለፕሊማውዝ ዌለርስ በ49 ጨዋታ 9 ጎል ብቻ ቢያገባም ዋሽንግተን ካፒታልስ በ2012 በ16ኛነት መረጠው። ቡድኑ አልቸኮለም፤ ወደ ጁኒየር መለሰው። በቀጣዩ ዓመት በ48 ጨዋታ 23 ጎል አገባ።

በ2013-14 ግን ሌላ ነገር ሆነ። ዊልሰን 19 ዓመቱ ነበር፤ ለጁኒየር ገዝፏል፣ ወደ ኤኤችኤል መውረድ አይፈቀድለትም። ዋሽንግተን አስቀረው። 82ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ፤ ነገር ግን በአማካይ በጨዋታ 8 ደቂቃ ያህል ብቻ፣ በአራተኛው መስመር። ያገባው ጎል 3 ብቻ ነበር። በቅጣት የተቀመጠው ግን 151 ደቂቃ ነው። ከበረዶው ይልቅ ወንበር ላይ፣ ከፓክ ይልቅ ከቡጢ ጋር ያሳለፈው ዓመት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ያገባው 4፣ 7 እና 7 ጎል ነው። ብዙዎች “ይህ ልጅ ከዚህ አያልፍም” ብለው ነበር።

የተለወጠው የተሰጠው ሥራ ሲለወጥ ነው። አሰልጣኝ ባሪ ትሮትዝ በ2017-18 ከአሌክሳንደር ኦቬችኪን ጎን በላይኛው መስመር ሲያሰልፉት 14 ጎል አገባ፤ በዚያው ዓመት ቡድኑ ስታንሊ ካፕን ሲያነሳ በ21 የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በ15 ጎሎች ላይ ተሳተፈ። ቀጥሎ 22፣ በ2021-22 24፣ በ2024-25 ደግሞ በ31ኛ ዓመቱ ዋዜማና ማግስት 33 ጎል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጉልበተኛ አጥቂ ዘግይቶ ይበስላል፤ የሚበስለውም ከጎበዞች ጋር ፓክ ሲነካ እንጂ ለጠብ ብቻ ሲጠራ አይደለም።

ሌላው መንገድ፦ ዴሪክ ቡጋርድ

የተቃራኒው ምሳሌ ያሳዝናል። ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመው ዴሪክ ቡጋርድ ገና በልጅነቱ የመልማዮችን ዓይን የሳበው በጎሉ ሳይሆን በቡጢው ነበር። በ2001 ሚኒሶታ በ202ኛነት መረጠው። ሥራው “ኢንፎርሰር”፣ ማለትም የቡድን ዘበኛ መሆን ነበር። በ277 የኤንኤችኤል ጨዋታ ያገባው 3 ጎል ነው። በ2010 ከኒውዮርክ ሬንጀርስ ጋር የአራት ዓመት የ6.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በታኅሣሥ ወር በአንድ ጠብ ጭንቅላቱ ተመታ፤ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። በግንቦት 2011 በ28 ዓመቱ በአልኮልና በሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ድብልቅ ሞቶ ተገኘ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንጎሉን ሲመረምሩ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን ሲቲኢ የተባለ በሽታ አገኙበት።

“በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ” የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ይነገራል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ሳሩን ያሳዩት ትልልቅ ሰዎች መሆናቸው ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገደሉን እንዲያይ አይጠበቅም።

ሕጉ ምን ይላል?

“በስፖርት ሜዳ የሆነ በስፖርት ሜዳ ይቀራል” የሚሉ አሉ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ተጫዋች ወደ ሜዳ ሲገባ በጨዋታው ባሕርይ ለሚጠበቅ ግጭት ፈቃዱን ሰጥቷል። ከዚያ ላለፈው ግን አልሰጠም። በየካቲት 2000 ማርቲ ማክሶርሊ የዶናልድ ብራሺርን ጭንቅላት በዱላ መታ፤ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፍርድ ቤት በመሣሪያ በማጥቃት ወንጀል ጥፋተኛ አለው። በመጋቢት 2004 ቶድ በርቱዚ ስቲቭ ሙርን ከኋላ መታ፤ ሙር የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ዳግም አልተጫወተም። በርቱዚ በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የአንድ ዓመት የፈተና ጊዜና የ80 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተወሰነበት። የፍትሐ ብሔሩ ክስ በስምምነት የተዘጋው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው።

ሊጉም በ2010 ጭንቅላትን ዒላማ ያደረገ ግጭትን የሚከለክለውን አንቀጽ 48 አወጣ፤ በ2011 የተጫዋቾች ደኅንነት መምሪያን አቋቋመ። ዊልሰን የዚህ መምሪያ የታወቀ ደንበኛ ነበር። በ2018 ኦስካር ሰንድክቪስትን በመግጨቱ በ13 ወር ገደማ ውስጥ አራተኛው የሆነውን እገዳ ተቀበለ፤ 20 ጨዋታና 1.26 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደመወዝ። ጉዳዩ በኅብረት ስምምነቱ መሠረት ለገለልተኛ የግልግል ዳኛ ቀርቦ ሺያም ዳስ ቅጣቱን ወደ 14 ዝቅ አደረጉት፤ እሱ ግን 16 ጨዋታ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላም በ2021 ሰባት፣ በ2024 ስድስት ጨዋታ ታግዷል። ሆኖም በአንድ ዓመት አራት እገዳ ዳግም አልታየም። ሰው ሊማር እንደሚችል፣ መማሩም ዋጋ እንደሚያስከፍል ሁለቱንም ያሳያል።

ጡረታ የወጡ ተጫዋቾች ሊጉ ስለ አንጎል ጉዳት አላስጠነቀቀንም በማለት ከ2013 ጀምሮ ላቀረቡት ክስ፣ ፍርድ ቤቱ በ2018 በቡድን ክስነት እንዲታይ አልፈቀደም። በዚያው ዓመት በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ሊጉ ኃላፊነቱን አላመነም። ለሦስት መቶ ለሚበልጡ ሰዎች ሲካፈል ገንዘቡ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አንባቢ ያስላው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከእነዚህ እውነታዎች ተነስቶ ጉልበተኛ ልጅ ላለው ወላጅም ሆነ ለወኪሉ ጥቂት መመዘኛዎችን ማስቀመጥ ይቻላል። አንደኛ፣ ቡድኑ ልጁን የሚፈልገው ለምን ሥራ ነው? በስንተኛው መስመር፣ ስንት ደቂቃ፣ ቁጥር በሚበዛበት ጨዋታ ላይ ይሰለፋል ወይ? መልሱ “ጓደኞቹን ይጠብቃል” ብቻ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። ሁለተኛ፣ በትንሽ ሊግ 20 ደቂቃ መጫወት በትልቁ 8 ደቂቃ ከመጫወት ይበልጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ሦስተኛ፣ ጭንቅላቱ ከተመታ ወደ ሜዳ የመመለሱን ነገር የሚወስነው ሐኪም እንጂ አሰልጣኝ ወይም ልጁ ራሱ መሆን የለበትም። አራተኛ፣ ትምህርቱን ማቆም የለበትም። ከድራፍቱ ብዙኃኑ ኤንኤችኤል ውስጥ አይቆዩም፤ ኮሌጅ ወይም ከጁኒየር ቡድኑ የሚገኘው የትምህርት ድጎማ በእጅ ያለ ዋስትና ነው።

የጠብ ገበያው ራሱ እየተዘጋ መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። የኦንታሪዮ ጁኒየር ሊግ ከ2012 ጀምሮ ጠብ በሚያበዛ ተጫዋች ላይ እገዳ ይጥላል፤ የኩቤኩ ሊግ ከ2023-24 ጀምሮ ተደባዳቢን ከጨዋታ ያስወጣል። ለጠብ ብቻ የሰለጠነ ልጅ ገዢ የሌለውን ዕቃ ይዞ ገበያ እንደወጣ ነጋዴ ነው። መጋጨትንም፣ መንሸራተትንም፣ ፓክ መያዝንም የሚያውቅ ግዙፍ ልጅ ግን ዛሬም ውድ ነው፤ ዋሽንግተን በ2023 ለዊልሰን የሰባት ዓመት የ45.5 ሚሊዮን ዶላር ውል የሰጠው ለቡጢው አይደለም። ልጁ የተሰጠውን አካል ለሌሎች ጥቅም ከመፍጀቱ በፊት፣ ያ አካል መጀመሪያ የእሱ መሆኑን የሚያስታውሰው አዋቂ ሊኖረው ይገባል።