ስም እስኪወጣላቸው

በ1831 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ሉካ ቼች የተባለ ፋኖስ አብሪ በፖስቶይና ዋሻ ውስጥ አንዲት ጥንዚዛ አገኘ። ፖስቶይና ዛሬ በስሎቬኒያ ነው ያለው፤ ያን ጊዜ ግን ካርኒዮላ በምትባለው የኦስትሪያ ግዛት ሥር ነበር። ቼች ለዋሻው እንግዳ አልነበረም። በ1818 ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ሊጎበኙ በሚመጡበት ሰሞን ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚያስገባውን መንገድ ደርሶበታል የሚባለው እሱው ነው። ይህች ጥንዚዛ ግን እስከዚያ ካያቸው ሁሉ የተለየች ሆነችበት። እግሮቿና አንቴናዎቿ ክር ያህላሉ፤ ሆዷ ያበጠና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ዓይን የላትም።

ቼች ያገኛትን ለካውንት ፍራንዝ ፎን ሆኸንዋርት ሰጠ። ሆኸንዋርት ደግሞ ልዩብልያና ከተማ ይነግድ ለነበረውና ትርፍ ጊዜውን ነፍሳትና ቀንድ አውጣ በመሰብሰብ ለሚያሳልፈው ለፈርዲናንድ ሽሚት አስተላለፋት። ሽሚት በ1832 ገለጻዋን በአገሩ ጋዜጣ ላይ አሳተመና ሌፕቶዲሩስ ሆኸንዋርቲ ብሎ ሰየማት። ስሙ የካውንቱ ሆነ። ጨለማው ውስጥ እጁን ዘርግቶ ያነሣት ፋኖስ አብሪ ከስሙ ውስጥ የለም።

ሽሚት ሁለተኛ ናሙና ላመጣለት ሰው ወሮታ እንደሚከፍል አስታወቀ። ሁለተኛዋ እስክትገኝ ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በዚያ መሀል ወሮታውን ፍለጋ በየዋሻው የተንከራተተው ሰው ጨለማ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ፍጥረታትን እየለቀመ አወጣ። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ዋሻ ውስጥ ብዙ ነገር ይኖራል ብለው አይጠብቁም ነበር፤ የዋሻ ሥነ ሕይወት የሚባለው ዘርፍ ሀ ብሎ የጀመረው በዚህች ጥንዚዛ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁንና ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የመሬት ጥንዚዛዎችን ነው፤ ሌፕቶዲሩስ ደግሞ ከሌላ ቤተሰብ ናት። የመሬት ጥንዚዛ የሚባሉት ወደ 40,000 የሚጠጉ የታወቁ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ አብዛኞቹ ቀን ከድንጋይ ሥር ተሸሽገው ሌሊት እየሮጡ ያድናሉ። ይህ ጠባይ ለዋሻ ኑሮ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ከመካከላቸው ትሬኪኒ የሚባሉት ጥቃቅኖቹ ወደ ዋሻ በመግባት የሚስተካከላቸው የለም። ጨለማው ውስጥ ብዙ ዘመን ሲኖሩ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ክንፋቸው ይመክናል፣ የክንፍ ክዳኖቻቸው ገጥመው አንድ ይሆናሉ፣ ቀለማቸው ወደ ነጣ ያለ ቡኒ ይለወጣል፣ እግርና አንቴናቸው ይረዝማል። ዓይን ሊያደርገው የሚገባውን ሥራ ጠርዝ ጠርዛቸው ላይ የበቀሉት ረጃጅም የመዳሰሻ ፀጉሮች ይረከባሉ።

የእነሱ ታሪክ በይፋ የሚጀምረው በ1844 ነው። በዚያ ዓመት የኑረምበርጉ የመዳብ ቅርጽ ሠዓሊ ያኮብ ሽቱርም ከካርኒዮላ ዋሻዎች የመጣች ዓይን አልባ የመሬት ጥንዚዛ አኖፍታልመስ ሽሚቲ ብሎ ሰየመ፤ በዚህኛው ስም የተከበረው ነጋዴው ሽሚት ነው። በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ ቪልሄልም ኤሪክሰን ከአሜሪካ ለመጣች ሌላ ጥንዚዛ ስም ሰጠ። ይህችኛዋ ከኬንታኪው ማሞዝ ዋሻ ነበረች። ያመጣት ቴልካምፕፍ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን ዋሻውን የጎበኘው በ1842 ነው። ጥንዚዛዋም አኖፍታልመስ ቴልካምፕፊ ተባለች።

ማሞዝ ዋሻ ዛሬ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ የተለካ የዓለማችን ረጅሙ ዋሻ ነው። ቴልካምፕፍ በገባበት ዘመን የውስጡን መንገድ ከማንም በላይ ያውቅ የነበረው ስቲቨን ቢሾፕ የሚባል ባሪያ ነው። ቢሾፕ በ1838 ገና በአፍላ ዕድሜው አስጎብኚ እንዲሆን ወደ ዋሻው መጣ፤ በዚያው ዓመት ወለል የለሽ ይባል የነበረውን ጉድጓድ ተሻግሮ ማንም ሰው ያልረገጣቸውን መተላለፊያዎች ከፈተ። ተመራማሪዎችን ያስደመሙት ዓይን አልባ ዓሣዎች የሚኖሩት ከጉድጓዱ ማዶ ባሉት ወንዞች ነው። በ1842 የዋሻውን ካርታ በቃሉ ሣለ፤ ካርታውም ታትሞ ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል ኖረ። ነፃ የወጣው በ1856 ሲሆን በዓመቱ ሞተ። በዚያ ዘመን ዋሻውን ላጠኑ ምሁራን በአብዛኛው መንገድ የሚያሳዩት በባርነት ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከዋሻው በወጡት ፍጥረታት ላቲን ስሞች ውስጥ ግን የሚገኙት ሐኪሞችና ፕሮፌሰሮች ናቸው።

የኤሪክሰን ስያሜ አንድ ሌላ ጣጣም ነበረበት። የኬንታኪዋን ጥንዚዛ የካርኒዮላዋ ወገን (ጂነስ) ውስጥ መደባት። ሁለቱም ዓይን የላቸውም፤ ሁለቱም ቀጫጭኖች ናቸው፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። ታዲያ ዘመዳሞች ናቸው ቢል ማን ይፈርድበታል? ከተጠራጠሩት አንዱ ራሱ ጥንዚዛ ሰብሳቢ ሆኖ ያደገው ቻርልስ ዳርዊን ነው። በ1859 ባሳተመው የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉ የአውሮፓንና የኬንታኪን ዋሻዎች አነጻጸረ። እነዚህ ፍጥረታት በቀጥታ ለዋሻ ተብለው የተፈጠሩ ቢሆኑ ኖሮ፣ በሁለቱም አህጉራት አየሩ፣ ድንጋዩና ጨለማው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የቅርብ ዘመዳሞች መሆን ነበረባቸው። የተገኘው ግን እያንዳንዱ በደጁ ካለው የአገሩ እንስሳ ጋር የሚዛመድ ሆኖ ነው። ዓይናቸው የጠፋው ጥቅም ላይ ባለመዋሉ ነው አለ ዳርዊን። ስለ ዓይኑ ምክንያት የዛሬ ባለሙያዎች ብዙ ያርሙታል፤ ስለ ዝምድናው ግን ትክክል ነበር።

ይህንን በጥንዚዛ ደረጃ ለማረጋገጥ ሌላ ስድሳ ዓመት አለፈ። ሥራው የፈረንሳዊው ሬኔ ዣኔል ነው። ዣኔልና ሩማንያዊው ኤሚል ራኮቪጻ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓን ዋሻዎች አንድ በአንድ ያሰሱ ጓደኛሞች ነበሩ። ራኮቪጻ በቤልጂካ መርከብ አንታርክቲክ ድረስ ሄዶ የተመለሰ የባሕር ሥነ ሕይወት ሰው ሲሆን በ1904 ማዮርካ ደሴት ዋሻ ውስጥ ያገኛት አንዲት ትንሽ ዓይን አልባ ፍጥረት ሙያውን አስቀየረችው። በ1920 ክሉዥ ከተማ የዓለም የመጀመሪያውን የዋሻ ጥናት ተቋም ሲመሠርት ዣኔልም አብሮት ነበር። በዚያው ዓመት ዣኔል የኬንታኪዋን ጥንዚዛ ከአውሮፓዎቹ ለይቶ ኒያፊኖፕስ በሚል አዲስ ወገን ውስጥ አስቀመጣት፤ ለሌሎቹ የአሜሪካ ዋሻ ጥንዚዛዎች ደግሞ ፕሲውዳኖፍታልመስ የሚባል ወገን ፈጠረላቸው።

ዣኔል ለመለየት የተጠቀመበት ዘዴ እስከ ዛሬ የሙያው እንጀራ ነው። ሁለት የዋሻ ጥንዚዛዎች በውጭ መልካቸው መንታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ጨለማው ሁሉንም በአንድ ቅርጽ ያወጣቸዋልና። ልዩነቱ የሚገኘው የወንዱ ብልት ላይ ነው። ባለሙያው የደረቀውን ወንድ ጥንዚዛ በሙቅ ውኃ ያለሰልሳል፤ በቀጭን መርፌ ከሆዱ ጫፍ ብልቱን ያወጣል፤ ሥጋው በኬሚካል ሲሟሟ የሚቀረው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቆልመም ያለ ቡናማ ቱቦ ነው። ይህ በማይክሮስኮፕ ከጎን ታይቶ ይሣላል። ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል ወይስ ቀጥ ይላል? ውስጡ ያለው ቅርፊት ሹል ነው ወይስ ማንኪያ ቅርጽ? ከዚያ የፀጉሮቹ ቆጠራ ይከተላል፤ በጭንቅላቱ ላይ ስንት፣ በደረቱ ጠርዝ ስንት፣ በክንፍ ክዳኑ በየመስመሩ ስንት። አንዲት ናሙና ተመርጣ ዋቢ ናሙና ትባልና ሙዚየም ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ላይ ክርክር ቢነሣ ዳኛዋ እሷ ናት።

የመያዣው ዘዴ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ጭቃው ውስጥ እስከ አፉ የተቀበረ ኩባያ፣ ጥቂት የሸተተ አይብ ወይም ሥጋ፣ የተወሰኑ ቀናት ትዕግሥት። ብዙ ሰው ግን አሁንም በፋና ብርሃን እየተንበረከከ ድንጋይ መገልበጥን ይመርጣል፤ ጥንዚዛዋን በጣት ማንሣት እግሯን መስበር ስለሆነ በአልኮል በረጠበ ብሩሽ ይነካካታል።

ኒያፊኖፕስ ራሷ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይገባታል። ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ቀለሟ ቀላ ያለ ቡኒ። ማሞዝ ዋሻ ውስጥ የሚኖር አንድ የፌንጣ ዘመድ አለ፤ ሌሊት ሌሊት ወደ ውጭ እየወጣ በልቶ ይመለሳል፤ ሴቷ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። ኒያፊኖፕስ አሸዋውን እየዳሰሰች የተቀበረበትን ታገኛለች፤ ትቆፍራለች፤ እንቁላሉን በስታ ትመጠዋለች። ዋሻው ውስጥ አረንጓዴ ነገር አይበቅልም፤ ደጅ የበቀለው ምግብ በፌንጣው ሆድ ገብቶ በእንቁላሉ በኩል ጥንዚዛዋ ዘንድ ይደርሳል።

ዣኔል በ1928 ከስፔናዊው ካንዲዶ ቦሊቫር ጋር ሆኖ የአሜሪካን ዋሻዎች በአካል ዞረ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ እኛ መጣ፦ ካሚል አራምቡር በመራው በ1932ና 1933ቱ የኦሞ ሳይንሳዊ ተልዕኮ አባል ነበር። ተልዕኮው ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በቅሪተ አካል ነው። ዣኔል የሚያጠናቸው የትሬኪኒ ዘመዶች ግን በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችም ሞልተዋል። በስሜንና በባሌ ተራሮች ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት ትሬከስ የሚባሉት ብዙ ዝርያዎች ክንፍ የላቸውም፤ ቆላውን ማቋረጥ ስለማይችሉ ብዙዎቹ የየራሳቸው ተራራ ነዋሪ ሆነው ቀርተዋል። ተራራ ጫፍም ዋሻም ለእነዚህ ጥንዚዛዎች ደሴት ነው።

ከዣኔል በኋላ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሥራውን ተረከቡ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ጆሴፍ ማንሰን ቫለንታይን ነው፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በርካታ የዋሻ ጥንዚዛዎችን ገልጿል። ይህ ሰው በስተርጅና በሌላ ነገር ስሙ ገነነ፦ በ1968 ባሃማስ ውስጥ ከባሕር ሥር የተደረደሩ ድንጋዮች አይቶ የአትላንቲስ ፍርስራሽ ሳይሆኑ አይቀሩም ከሚሉት ወገን ሆነ። የጥንዚዛ ሥራው ግን ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። እሱን የተካው ቶማስ ባር ሲሆን የቴነሲን ዋሻዎች በ1961 በመጽሐፍ ያሰባሰበ፣ በኋላም በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ነው። ፕሲውዳኖፍታልመስ ዛሬ ከ150 የማያንሱ ዝርያዎች እንዳሉት ከታወቀ አብላጫውን ምስጋና የሚወስደው እሱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በአንድ ዋሻ ብቻ የሚታወቁት ጥቂት አይደሉም።

አንድ ዋሻ ብቻ የሚለው ነገር መዘዝ አለው። በኬንታኪ ማሪዮን አውራጃ ታተም በሚባል ዋሻ የምትኖር ፕሲውዳኖፍታልመስ ፓርቩስ የምትባል ትንሽ ጥንዚዛ ነበረች። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1965 ነው። ካርል ክሬክለር ገለጻዋን ያሳተመው በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተፈልጋ አልተገኘችም። ስሟ ሲወጣላት ባለቤቷ ምናልባት ቀድማ አልቃ ነበር።

ስያሜ ሌላም ጣጣ ያመጣል። በ1933 ኦስካር ሻይበል የተባለ ኦስትሪያዊ ሰብሳቢ ከስሎቬኒያ ዋሻ የወጣች ያልታወቀች ጥንዚዛ ገዛ። በ1937 ገለጻዋን ሲያሳትም አኖፍታልመስ ሂትለሪ ብሎ ሰየማት፤ ለማን ክብር እንደሆነ ግልጽ ነው። ከአምስት ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጠው ጥንዚዛ አሁን መከራዋን የምታየው በስሟ ነው፤ የናዚ ቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎች በውድ ዋጋ ይፈልጓታል፤ ሙኒክ በሚገኘው የባቫሪያ የእንስሳት ስብስብ የነበሩት ናሙናዎች አብዛኞቹ ተሰርቀዋል። ስሙ ይቀየር የሚል ጥያቄ ሲነሣ የእንስሳት ስያሜን የሚዳኘው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ2023 በሰጠው መግለጫ በሥነ ምግባር ምክንያት ስም እንደማይሽር አስታወቀ። ደንቡ የስም ጽናትን ያስቀድማል። ለዚህች ጥንዚዛ ሲሆን ግን ጽናቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ከበዛ ቆይቷል።

ፍለጋው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዞሯል። በ2014 ከምዕራብ ካውካሰስ ክሩበራ ዋሻ፣ ያን ጊዜ የታወቀው የምድር ጥልቁ ዋሻ፣ ዱቫሊየስ አቢሲመስ የምትባል የመሬት ጥንዚዛ ተገለጸች፤ ከስሟ ሲገመት ጨርሳ የታወረች መሆን ነበረባት፤ እሷ ግን ዓይን አላት። ዋነኛው ምርት ያለው ግን ደቡብ ቻይና ነው። ጓንግሺ ውስጥ ዱአን በሚባል አውራጃ ተገኝታ በ2017 ሹዌዳይትስ ቤለስ የተባለችው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የምትሆን ጥንዚዛ ጭንቅላቷና ደረቷ እጅግ ተመዝዘው የተሠሩ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ከታወቁት በቅጥነት የሚወዳደራት ጥቂት ነው። ቲየን ሚንግዪና ባልደረቦቹ ያወጧቸው ገለጻዎች ብዛት የዣኔልን ዘመን ያስታውሳል። የዘረመል ጥናቱም ተጨምሯል፤ በ2010 የታተመ ሥራ የፒሬኔ ተራሮች የዋሻ ትሬኪኒዎች ከአንድ የጋራ ሐረግ እንደወጡና መለያየት የጀመሩት ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ አሳይቷል።

ገለጻ በሕግ ፊትም ይቆጠራል። ባር ከጆን ሎረንስ ጋር በ1960 ከቴክሳስ ዋሻዎች ሬዲኒ ኤክሲሊስና ሬዲኒ ኢንፈርናሊስ የተባሉ ሁለት የመሬት ጥንዚዛዎችን ገልጾ ነበር፤ በ1974 ደግሞ ኦስተን አጠገብ ካለው ቱዝ ዋሻ ሬዲኒ ፐርሰፎኒን ጨመረ። ይህችኛዋ በ1988 ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት የፌዴራል ዝርዝር ውስጥ ገባች፤ ሁለቱ ደግሞ በ2000 መጨረሻ። የእነሱ ዋሻዎች ያሉት በሳን አንቶኒዮ ከተማ ዳርቻ፣ ቤቶች በፍጥነት በሚሠሩበት የኖራ ድንጋይ መሬት ላይ ነው። በዚያ አካባቢ ቤት ሠሪው ድርጅት ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት መሬቱ ላይ ዋሻ ወይም ስንጥቅ መኖሩን የሚያይ ባለሙያ ይቀጥራል፤ ባለሙያውም ስንጥቁ ውስጥ ባር የገለጻቸውን ጥንዚዛዎች ይፈልጋል።