ከመኪናው ሥር የተገኘ ታሪክ

ደብረ ወርቅ የሄድኩት አጎቴ መኪናቸውን እንዲሸጡ ላግባባ ነበር፤ ሐምሌ 2010 ዓ.ም.። መኪናው በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ረጅሙ ላንድሮቨር ነው። በስተኋላው ወደ ግራ ዘምሞ፣ አንድ እግሩን እንዳሳረፈ የደከመ በቅሎ በግቢው ቆሟል። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ሊወስደው ዋጋ ሰጥቷል። ልጆቻቸው እኔን የላኩት፣ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው አፍ አያጣም ብለው ይመስለኛል።

«ባሌስትራው ነው እንጂ መኪናው ምን ሆነ?» አሉኝ አጎቴ። በማግስቱ ጧት ቱታ አልብሰው ከመኪናው ሥር አስገቡኝ።

ባሌስትራን በቅርብ ላላየ አንባቢ፦ ርዝመታቸው የተለያየ የብረት ቅጠሎች ተደራርበውና በመሐል ተቀርቅረው እንደ ቀስት የጎበጡ ናቸው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ቀስቱ ይለጠጣል፣ መልሶ ይሰበሰባል። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉም ንዝረቱን በመጠኑ ያበርዱታል። የምሥራቅ ጎጃም ጥቁር ዋልካ ግን ክረምት አብጦ በጋ የሚሰነጠቅ አፈር ነውና ለዚህ ቀስት ርኅራኄ የለውም። የእኛው ሦስተኛ ቅጠል ለሁለት ተሰብሯል። የቀሩት ጉብጠታቸውን ትተው ተዘርግተዋል። ከጫፍና ከጫፍ ያሉት ቦኮላዎች ጎማቸው አልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል።

«ክሪኩን ወዲህ በል። ካቻቢቴውን! ሴጌቶው የት ገባ? ዳዶውን እንዳትጥለው፣ የእናት አገሩ ነው።»

እንግሊዝ የሠራውን መኪና በጣሊያንኛ ስንፈታ ዋልን። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበር አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። የአጎቴ መኪና በሮች እስከ ዛሬ ያልዛጉት በዚያ ችግር ምክንያት ነው። ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ ይዝጋል። የዛገውን ቡሎን ለማላቀቅ ሁለት ሌሊት በናፍታ ዘፍዝፈነዋል።

ባሌስትራ በጣሊያንኛ የጥንቱ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ስም ነው። ከመሪው ዘንግ ጫፍ ያለችው ቴስቲና ደግሞ «ትንሽ ራስ» ማለት ናት። እነዚህ ቃላት በወረራው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከጭነት መኪናውና ከመንገድ ሥራው ጋር ገቡ። ከድሉ በኋላም እዚሁ የቀሩ ጣሊያኖች በከፈቷቸው ጋራዦች ተለማማጁ የእኛ ልጅ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገድ ሲሠራ፣ መካኒኩ ቋንቋውን ይዞ ወደየአውራጃው ወጣ። አጎቴም በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ጎማ በማንከባለል ነው የጀመሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ በላይ ዘለቀ ጠላትን ባራወጠበት በዚሁ በብቸና አገር ተዋግተዋል። የእርሳቸው ልጅ አፍ በጣሊያንኛ መሞላቱ አያሳፍርም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አጎቴ ከመኪናው ሥር ሳይወጡ፣ «አባቴ የተኮሰበት ጠመንጃ የማን ነበረ? የማረከው ነው። ይልቅ ያንን ዳዶ አቀብለኝ» አሉ።

ቦኮላውን ማውጣት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ጎማውን በእሳት አቃጥለን፣ የውጪውን የብረት ቀለበት በሴጌቶ ሰንጥቀን፣ በመዶሻ አስወጣነው። አዲሱን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገዝተው በአውቶቡስ ላኩልን። ቅጠሉ ግን አልተገኘም፤ ስለዚህ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድን። የሰውዬው ክምር በአካባቢው የተመላለሰ መኪና ሁሉ መቃብር ነው። ጥሩ ብረት ስለሆነ ባሌስትራ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል። የሌላ ላንድሮቨር ቅጠል ማረሻ ለመሆን ተራውን ሲጠብቅ አገኘነው።

ቀጥቃጩ ከነመዶሻው ግቢያችን መጣ። ቅጠሎቹን እሳት አላሳያቸውም። ብረቱ ከጋለ ጥንካሬው ይከዳዋል አለኝ። በቀዝቃዛው፣ ዳር እስከ ዳር በተቀራረበ ምት እየደበደበ ጉብጠታቸውን መለሰላቸው። ኢንጂነር ቢሆን ዲግሪውን ግድግዳ ላይ በሰቀለ ነበር።

ቡና ሲቀርብ የአጎቴ ባለቤት ለእሱ የተለየ ስኒ አወጡ። በክፋት አይደለም፤ እናታቸው ያስተማሯቸው እንደዚያ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር፣ አለዚያ ማረሻ የሚሠራ እንኳ እንደሚጠፋ በአዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌ ከጅቡቲ ያመጣው ሲድሊ፣ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። አውቶሞቢሉ ደብረ ወርቅ ደርሶ አርጅቷል። አዋጁ ገና በመንገድ ላይ መሆኑን በዚያ ስኒ አየሁ። አጎቴም አይተዋል። ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ስኒ ለሰውዬው አቀብለው በዚያኛው ጠጡ። ባለቤታቸው ለአፍታ ዝም አሉ፤ ሁለተኛውን ቶና ሲቀዱ ግን ስኒ አልለዩም። ቀጥቃጩ ሲሄድ ከገንዘቡ ሌላ የተሰበረውን ቅጠል ይዞ ሄደ።

የመጨረሻውን ቀን ልሳሳት ነበር። መኪናው በክሪክና በወይራ ጉማጅ ላይ እንደተንጠለጠለ የቦኮላዎቹን ቡሎኖች አጥብቄ ጨረስኩ ብዬ ወጣሁ። አጎቴ ሁሉንም አስፈቱኝ። መኪናው ሳይወርድ ከተጠበቀ፣ ክብደቱ ሲያርፍበት ጎማው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ሳይቆይም ይበጠሳል። መጀመሪያ ይውረድ፣ በእግሩ ይቁም፣ ከዚያ ይጠበቃል።

አወረድነው። ደረጃውን የጠበቀ ውሃ ልክ ባይኖረንም ቀጥ ብሎ ቆመ። እንደገና ሥሩ ገብቼ የመጨረሻውን ዳዶ ሳጠብቅ ስልኬ ጮኸ፤ የአጎቴ ትልቁ ልጅ ነው።

«እህሳ፣ ተሸጠ?»

«ቆይ፣ እጄ ዘይት ነው» ብዬ ዘጋሁት።