የቮልስ የኋላ ፍሬን ከታምቡሮ ወደ ዲስክ ሲቀየር

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ቮልስን ያውቃል። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት የሆነች የጀርመን መኪና ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ነበረች። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ዛሬም አሮጌ ቮልስ የሚንከባከቡ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹም አንድ ቀን “የኋላውን ፍሬን ወደ ዲስክ ልቀይረው ይሆን?” ብለው ያስባሉ። ይቻላል። ነገር ግን ከመኪናዋ ፍሬን መጀመሪያ መነካት ያለበት አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይደለም።

የቮልስ የኋላ ፍሬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታምቡሮ ነው፤ እዚህ አገር መካኒኮች “ቶፍ” ይሉታል። ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ የመሰለ ብረት አለ፤ በውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት ቆልማማ ብረቶች ተቀምጠዋል። ፔዳሉን ሲረግጡ የፍሬን ዘይት ሸራዎቹን ወደ ውጭ ይገፋና ከበሮውን ከውስጥ ተጭነው ይይዙታል። አንደኛውን ሸራ የጎማው ዙረት ራሱ እየጎተተ ይበልጥ ስለሚያጣብቀው እግር ብዙ አይደክምም። ዲስክ ይህ እርዳታ የለውም። ካሊፐር የሚባለው እንደ ጉጠት ያለ መያዣ ጠፍጣፋውን ብረት ከሁለት ወገን የሚጨብጠው በዘይቱ ግፊት ብቻ ነው። በምትኩ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል፤ ውሃ ቢነካውም ወዲያው ይደርቃል። የዓባይን በረሃ የወረደ፣ ወይም ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር 1,200 ሜትር ያህል ቁልቁል የነዳ ሰው፣ የጋለ ታምቡሮ እንዴት እንደሚከዳ ያውቃል።

ይህ ጥቅም ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከፊት ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። የኋላው ፍሬን ከፊተኛው ከበረታ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፉና መኪናዋ ዞራ ፊቷን ወደ መጣችበት ትመልሳለች። በእርጥብ አስፋልት ላይ ይህ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከፊት ታምቡሮ ትቶ ከኋላ ብቻ ዲስክ መግጠም በፍጹም አይመከርም። ፋብሪካውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1966 ለ1500 ቮልስ ዲስክ ሲሰጥ የሰጠው ለፊት ጎማዎች ነው፤ የኋላውን እንደነበረ ተወው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያለውን ታምቡሮ ያስፈትሹ። “ፍሬኗ ደካማ ናት” ከሚባሉት ቮልሶች ብዙዎቹ ያልተስተካከለ ሸራ ያላቸው ናቸው። በየጎማው ውስጥ ሁለት ጥርስ ያላቸው ማስተካከያዎች አሉ፤ ሸራው ከበሮውን እስኪነካ ይጠበቃሉ፣ ከዚያ ጎማው በነጻ እስኪዞር ጥቂት ጥርስ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሌላው የተለመደ ችግር የጊርቦክስ ዘይት በአክሱሉ ጫፍ ባረጀ ጎሚኒ በኩል አፈትልኮ ሸራውን ማራሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሳይጠግኑ ዲስክ ቢገጥሙ ዘይቱ ዲስኩን ያበላሻል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አቧራውን በአየር ግፊት አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ለመቀየር ከወሰኑ ሥራው ራሱ ይህን ይመስላል። መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማዎቹም በታኮ ተደግፈው የአክሱሉ ትልቅ ዳዶ ይላላል። 36 ሚሊ ሜትር ቁልፍና ረጅም ቱቦ ይፈልጋል። ቀጥሎ ታምቡሮው፣ ሸራዎቹና የጀርባው ሳህን ይወጣሉ፤ በሳህኑ ቦታ የካሊፐሩ መያዣ በአራት ብሎን ይታሰራል። የሚገዛው ዕቃ ከመኪናዋ ዓመት ጋር መስማማት አለበት፤ የድሮዎቹ ቸርኬ አምስት ብሎን ነው፣ የኋለኞቹ አራት። አንዳንዱ ዕቃ ጎማውን ወደ ውጭ ስለሚያወጣው ጎማው ከመከላከያው ጋር እንዳይፋተግ ቀድሞ ይለካ። ዳዶው ሲመለስ ወደ 30 ኪሎ ግራም ሜትር ይጠበቃል፤ የመቆለፊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ይበልጥ ይጠበቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም።

የፍሬን ማስተሩም መታየት አለበት። ለታምቡሮ የተሠራ ማስተር በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ያ ግፊት ዲስኩን ሁልጊዜ በትንሹ እንደተያዘ ስለሚተወው ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው ያልቃል። ለዲስክ የሚሆነው ይለወጥ። አየር ሲወጣ ከማስተሩ በጣም ከራቀው ጎማ ይጀመራል፤ መሪዋ በግራ ለሆነች ቮልስ ያ የቀኝ የኋላ ጎማ ነው። የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ወደ ላይ መዞሩን ያረጋግጡ። ግራና ቀኙ ተለዋውጠው ከተገጠሙ ማስወጫው ወደ ታች ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ቢረግጡ አየሩ አይወጣም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የእጅ ፍሬን፣ እዚህ “አምብሬክስ” የሚሉት ነው። ታምቡሮ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ በቀላል ገመድ መኪና ያቆማል። ለዚህም ነው የዘመኑ ብዙ መኪኖች የኋላ ዲስካቸው ውስጥ ለእጅ ፍሬን ብቻ ትንሽ ታምቡሮ የሚያስቀምጡት። ርካሽ የሆኑ የመቀየሪያ ዕቃዎች አንዳንዶቹ የእጅ ፍሬን ጭራሽ የላቸውም፤ እነዚህን አይግዙ። ያላቸውም ቢሆኑ ገመዱ በትክክል ካልተወጠረ በዳገት ላይ አይይዙም።

በእስራኤል መንገድ ላይ የምትሄድ መኪና ከሆነች ከሥራው በፊት ፈቃድ ሰጪውን ክፍል፣ ምስራድ ሃሪሹይን፣ ይጠይቁ። የመኪናን አሠራር መለወጥ ፈቃድ ይፈልጋል፤ በአሰባሳቢ መኪና ስም ለተመዘገበች ደግሞ እንደ ጥንቷ መቆየቷ ራሱ የመዝገቡ መሠረት ነው። በዓመታዊው ቴስት የእያንዳንዱ ጎማ ፍሬን በማሽን ይለካል፤ የእጅ ፍሬንም ይፈተሻል። ሥራውን ፈቃድ ያለው ጋራዥ ይሥራው፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።

መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ ይሞከር፤ ከዚያ አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ አሥር ጊዜ ያህል በመካከለኛ ኃይል፣ በየመካከሉ እያበረዱ ፍሬን ይያዝ። ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ የአክሱሉ ዳዶና የዘይቱ መጠን እንደገና ይታያሉ።